በቁም የተሰጠና ከሞት በኋላ የተሰጠ ክብር፦ የጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ጉዳይ

በ1928 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ ኢንዲያኖላ በተባለች አነስተኛ ከተማ የሚገኘው ሲምፕሰን ኮሌጅ፣ ከሠላሳ ሰባት ዓመት በፊት ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ለቀውት ለሄዱ አንድ የቀድሞ ተማሪው የሳይንስ የክብር ዶክትሬት ሰጠ። ተማሪው በኋላ የእርሻ ሳይንቲስትና መምህር የሆኑት ጥቁር አሜሪካዊው ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ነበሩ። በሁለት ዲግሪ ያስመረቃቸውና የመጀመሪያውን የማስተማር ሥራ የሰጣቸው ሌላው ትምህርት ቤታቸው፣ በዛሬ ስሙ አዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ የክብር ዶክትሬቱን የሰጣቸው በ1994 ሲሆን፣ ይኸውም ካረፉ ከሃምሳ አንድ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ጉዳይ የመረጥሁት አንድ ተቋም የቀድሞ ተማሪውን ለማክበር ሲያስብ የሚገጥሙት ጥያቄዎች በዚህ ሰው ታሪክ ውስጥ ተሰብስበው ስለሚገኙ ነው። «የእኛ ተማሪ» ብለን ልንጠራው የሚገባን ማንን ነው? ክብሩስ መቼና በምን መልክ ይሰጥ? ለየትኛው ሥራ? እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝ የመጨረሻው ነው፤ ካርቨር በዘመናቸው ብዙ ክብር ያገኙ ሰው ቢሆኑም፣ ዕድሜያቸውን የፈጀው ሥራ፣ ማለትም ማስተማርና ድኻ ገበሬን ማገልገል፣ በተሰጣቸው ክብር ሁሉ ውስጥ በሚገባው ልክ ሲጠራ አላየሁም።

ተማሪው

ካርቨር በ1864 ገደማ፣ ዳይመንድ ከምትባል የሚዙሪ መንደር አጠገብ በባርነት ተወለዱ። የተወለዱበትን ቀን ራሳቸውም በትክክል አያውቁትም ነበር። ጨቅላ ሳሉ ዘራፊዎች ከእናታቸው ጋር ጠልፈው ወሰዷቸው፤ ሕፃኑ ሲመለስ እናቲቱ ግን በዚያው ጠፍተው ቀሩ። ባርነት ከተሻረ በኋላ ያሳደጓቸው የቀድሞ ጌቶቻቸው ሞዘስና ሱዛን ካርቨር ናቸው፤ የቤተሰብ ስማቸውም የመጣው ከዚሁ ነው። በአቅራቢያቸው የነበረው ትምህርት ቤት ጥቁር ልጅ ስለማይቀበል ገና በልጅነታቸው ትምህርት ፍለጋ ከቤት ወጡ፤ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወሩ፣ የሰው ልብስ እያጠቡና ምግብ እያበሰሉ ተምረው፣ በካንሳስ ግዛት ሁለተኛ ደረጃን ጨረሱ። በዚያው ግዛት አንድ ኮሌጅ ማመልከቻቸውን በደብዳቤ ተቀብሎ ካበቃ በኋላ፣ ደጁ ላይ በደረሱ ጊዜ የቆዳቸውን ቀለም አይቶ መለሳቸው። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ዓመታት የትምህርቱን ነገር ትተው በካንሳስ ሜዳ ላይ መሬት ይዘው ሲያርሱ ቆዩ።

ሲምፕሰን ኮሌጅ የተቀበላቸው በ1890 ነው። የመመዝገቢያውን ክፍያ ከፍለው ሲጨርሱ በእጃቸው የቀረው ጥቂት ሳንቲም ብቻ ነበር። በኋላ ስለ ሕይወታቸው በጻፉት አጭር ታሪክ እንደተናገሩት፣ በዚያችው ሳንቲም የበቆሎ ዱቄትና የበሬ ሞራ ገዝተው አንድ ሙሉ ሳምንት በእነዚያ በሁለቱ ብቻ ኖረዋል። ከዚያ በኋላ የተማሪዎችን ልብስ እያጠቡ ራሳቸውን ቻሉ። የመጡት ሥዕልና ፒያኖ ለመማር ነበር። ሰው መሆናቸውን ከልብ ያመኑት በዚያ ኮሌጅ መሆኑንም ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲናገሩ ኖረዋል።

የሥዕል መምህርታቸው ኤታ በድ ይባሉ ነበር። ተማሪያቸው የሚሥላቸው አበቦች ከተራ አበባ ሣዪ እጅ የሚወጡ እንዳልሆኑ፣ የቅጠሉን ጅማትና የግንዱን አበቃቀል ጠንቅቆ ከሚያውቅ ሰው የመጡ መሆናቸውን አስተዋሉ። አንድ ጥቁር ሰው በዚያ ዘመን በሥዕል ብቻ እንጀራ ሊበላ መቻሉም አጠራጠራቸው። አባታቸው ጆሴፍ በድ ኤምስ በተባለችው ከተማ በነበረው የአዮዋ የእርሻ ኮሌጅ (የዛሬው አዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ) የአትክልት ልማት ፕሮፌሰር ስለነበሩ፣ ካርቨር ወደዚያ ሄደው የዕፅዋት ሳይንስ እንዲማሩ መከሯቸው። እኔ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ደጋግሜ የምመለስበት ቦታ ይህ ነው። አንዲት መምህርት በክፍሏ ካሉት ሁሉ የበለጠውን ተማሪዋን ለሌላ ኮሌጅ አሳልፋ ሰጠች። ሲምፕሰን ከሠላሳ ሰባት ዓመት በኋላ ያከበረው ሰው በእጁ ያልያዘውን፣ ይልቁንም በምክር የሸኘውን ተማሪ ነው።

ካርቨር በ1891 ኤምስ ሲደርሱ የመጀመሪያው ጥቁር ተማሪ ሆኑ። አቀባበሉ ጥሩ አልነበረም። በመኝታ ቤት የሚቀበላቸው ስላልተገኘ የቢሮ ክፍል ተለቆላቸው አደሩ፤ በመመገቢያው አዳራሽ ከተማሪዎች ጋር እንዳይቀመጡ ተከልክለውም በምድር ቤት ከሠራተኞች ጋር ይበሉ ነበር። ይህን የሰሙት የኢንዲያኖላ ወዳጃቸው ወይዘሮ ሊስተን የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ባቡር ተሳፍረው መጡ። ቀኑን ሙሉ ከካርቨር ጋር በግቢው ውስጥ በሰው ፊት ሲመላለሱ ውለው፣ በምግብ ሰዓት እሳቸውም አብረዋቸው ምድር ቤት ወርደው በሉ። ካርቨር በኋላ እንደጻፉት ከዚያን ቀን ወዲህ ነገሩ ቀለል አለ። ከተቀበሏቸው ክብሮች ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ይመስለኛል፤ ወረቀትም ሜዳሊያም የለውም፣ ነገር ግን አንድ የተከበረ ሰው ቦታውን ለቆ ካልተከበረው ሰው ጎን መቀመጡ ግቢው በሙሉ የሚያነበው መግለጫ ነበር።

ከጊዜ በኋላ ተማሪዎቹም ወደዷቸው። ሥዕላቸው ለኤግዚቢሽን በታጨ ጊዜ የሚለብሱት ስላልነበራቸው የክፍል ጓደኞቻቸው ሙሉ ልብስና የባቡር ትኬት ገዝተው ላኳቸው። የዩካና የቁልቋል ሥዕላቸው በ1893 በቺካጎ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ ቀርቦ ምስጋና አግኝቷል። በ1894 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1896 ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በሁለቱ መካከል በፈንገስ ጥናት ከታወቁት ከፕሮፌሰር ሉዊስ ፓመል ጋር እየሠሩ ጀማሪ ተማሪዎችን ያስተምሩ ስለነበር የኮሌጁ የመጀመሪያው ጥቁር መምህርም ለመሆን በቁ። በዚያ ጊዜ ከካርቨር ጋር በየሜዳው እየዞረ የዕፅዋትን ስም ይማር የነበረ የአንድ ፕሮፌሰር ትንሽ ልጅ ነበር። ሄንሪ ዋላስ ይባላል፤ ከ1941 እስከ 1945 የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የሆነው እሱ ነው።

አርባ ሰባት ዓመት

በ1896 ቡከር ዋሽንግተን በአላባማ ለጥቁሮች ያቋቋሙት የተስኪጊ ትምህርት ቤት የእርሻ ክፍል ኃላፊ እንዲሆኑ ጠየቋቸው፤ የቀረበላቸው ደመወዝ በዓመት 1,000 ዶላር ነበር። ኤምስ ሊያስቀራቸው ፈልጎ እንደነበር ይታወቃል። ካርቨር ግን ሄዱ፤ በ1943 እስኪሞቱም ከዚያ አልተንቀሳቀሱም።

ተስኪጊ ሲደርሱ ላቦራቶሪ የሚባል ነገር አልነበረም። ተማሪዎቻቸውን ይዘው ቆሻሻ ወደሚጣልበት ስፍራ ወጡ። አንገቱ የተቆረጠ ጠርሙስ መለኪያ ብርጭቆ ሆነ፤ ባዶ የቀለም ብልቃጥ ክር ተነክሮበት የላቦራቶሪ ማንደጃ ሆነ፤ ወፍራም ስኒ መውቀጫ ሆኖ አገለገለ። ይህ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ካርቨር ብልኀት ነው። እኔ ግን የማየው የማስተማር ዘዴያቸውን ነው፤ እነዚያ ተማሪዎች ተመልሰው የሚሄዱት ምንም መሣሪያ ወደሌለበት የገጠር ትምህርት ቤትና ማሳ ስለነበር፣ በተገዛ ዕቃ ብቻ የሚሠራ ሳይንስ ከበሩ ሲወጡ በዚያው የሚቀር ትምህርት ይሆንባቸው ነበር።

በ1897 አዲሱ የእርሻ ሕንፃ ሲመረቅ በክብር እንግድነት የተገኙት የኤምስ መምህራቸው የነበሩትና በዚያው ዓመት የአሜሪካ የግብርና ሚኒስትር የሆኑት ጄምስ ዊልሰን ናቸው። ይህን የማነሣው ወደ ፊት ለምናየው ነገር ስለሚጠቅም ነው፤ በኤምስ የነበሩ ሰዎች ካርቨርን ከመጀመሪያ ጀምሮ ያከብሯቸው ነበር፣ የዘገየው ተቋሙ ነው።

የአላባማ ምክር ቤት ለተስኪጊ የእርሻ ምርምር ጣቢያ የፈቀደው በጀት በዓመት 1,500 ዶላር ነበር። ከዚህ ጣቢያ በ1898 የወጣው የመጀመሪያው ጽሑፍ የኦክ ዛፍ ፍሬን ለከብት መኖነት ስለማዋል የሚናገር ነው። ከጫካ በነጻ የሚለቀም ፍሬ መመረጡ ካርቨር ለማን ይጽፉ እንደነበር ያሳያል። በዘመናቸው 44 ያህል እንዲህ ያሉ መጽሔቶችን አወጡ፤ የተጻፉትም ማዳበሪያ ለመግዛት አቅም ለሌለው፣ የሰው መሬት በእኩል ለሚያርስና ለባለሱቁ ዕዳ ላለበት ገበሬ ነበር። መሬቱ ጥጥ በጥጥ ላይ እየተዘራበት ደክሟል። ኦቾሎኒና ሌሎች ጥራጥሬዎች በሥራቸው ናይትሮጅንን ለአፈሩ ይመልሳሉ፣ ለቤተሰቡም ገንቢ ምግብ ይሆናሉ፤ ስኳር ድንች ደግሞ በደከመ መሬትም ያፈራል። ጥጡን የሚያጠፋው ነቀዝ በ1910 አካባቢ አላባማ ሲደርስ ይህ ምክር በሕይወት የመቆየት ጉዳይ ሆነ።

ጽሑፍ ማንበብ ለማይችለው ደግሞ ትምህርቱ ራሱ ወደ ማሳው ሄደ። በ1906 ሞሪስ ጄሰፕ በተባሉ ባለሀብት ገንዘብ የተሠራ፣ ማረሻና ዘር፣ የወተት መናጫና ሌላም የመማሪያ ዕቃ የጫነ በፈረስ የሚጎተት ሠረገላ በየመንደሩ ይዞር ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ሠረገላውን የሚመራው የተስኪጊ ተማሪ የነበረው ቶማስ ካምቤል ሲሆን፣ በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ከተቀጠሩ ጥቁር የኤክስቴንሽን ሠራተኞች የመጀመሪያው ነው። የካርቨር አገልግሎት ምን እንደነበር በአንድ ነገር አሳይ ብባል ይህን ሠረገላ አሳያለሁ።

የሥራ ዘመናቸው ግን ሁልጊዜ የሰመረ አልነበረም፤ የክብር ታሪኮች ይህን ይደብቁታል፣ መደበቃቸውም ጉዳት አለው። ካርቨር የዶሮ እርባታውን፣ የከብት በረቱንና የሒሳብ ሪፖርቱን ጭምር እንዲመሩ ይጠበቅባቸው ነበር፤ በአስተዳደር ግን ደካማ ነበሩ። ከዶሮ እርባታው የሚወጣው ሪፖርት ከእውነታው ጋር አይገጥምም ተብሎ ተወቀሱ፤ እሳቸውም እለቃለሁ ብለው ደጋግመው ጻፉ። ቡከር ዋሽንግተን በ1911 የጻፉላቸው ደብዳቤ እስካሁን አለ። ክፍል በማደራጀትና እርሻን አትራፊ አድርጎ በመምራት ችሎታ እንደሚጎድላቸው ያለ ምንም መሸፋፈን ይነግራቸዋል። ከዚያው አያይዞ ታላቅ መምህርና ታላቅ ተናጋሪ፣ ወጣቱንም ሽማግሌውንም የሚያነሣሡ ሰው መሆናቸውን፣ ጸጋቸው ይህ እንደሆነ፣ ትምህርት ቤቱም ወደዚያ ሥራ ሊያዞራቸው ሲጥር እንደኖረ ይገልጻል።

ይህን ደብዳቤ ከካርቨር ሽልማቶች ሁሉ በላይ አስቀምጠዋለሁ። ከአሥራ አምስት ዓመት የጋራ ሥራ በኋላ፣ ጉድለታቸውን በቅርብ የሚያውቅ አለቃ፣ ከጉድለታቸው ለይቶ ዋናውን ችሎታቸውን በስሙ ጠራው። አንድ የክብር ኮሚቴ ሊያደርግ የሚገባው ይኸው ነው፤ ሰውየው በእውነት ምን ነበር ብሎ መጠየቅና ለዚያ ብቻ መመስከር። ጉድለቱን ደብቆ ሁሉን የሚችል ሰው አድርጎ ማቅረብ ቀላል ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ውዳሴ ለማንም ሰው ሊገለበጥ ስለሚችል ያንን ሰው አያከብረውም።

ኦቾሎኒው መምህሩን ሲሸፍን

ካርቨር በሀገር ደረጃ የታወቁት በ1921 ነው። በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የገቢና የቀረጥ ኮሚቴ ፊት ቀርበው፣ ከውጭ በሚገባ ኦቾሎኒ ላይ ቀረጥ እንዲጣል ለሚጠይቁት የሀገር ውስጥ አምራቾች ምስክር ሆኑ። የተፈቀደላቸው አሥር ደቂቃ ነበር። ከሣጥናቸው ከኦቾሎኒ የሠሯቸውን ነገሮች አንድ በአንድ እያወጡ ሲያሳዩ ግን፣ ሲጀምሩ ያሾፉባቸው የኮሚቴው አባላት ጊዜያቸውን ደጋግመው አራዘሙላቸው፤ በመጨረሻም ያለ ገደብ እንዲናገሩ ፈቀዱላቸው። ከዚያ በኋላ ጋዜጦች «የኦቾሎኒው ሰው» አደረጓቸው።

ክብሩም ተከታትሎ መጣ። በ1923 የጥቁር አሜሪካውያን መብት ተሟጋች ማኅበር የስፒንጋርን ሜዳሊያን ሰጣቸው። በ1937 የተስኪጊ አገልግሎታቸው አርባኛ ዓመት ሲከበር የነሐስ ሐውልት ቆመላቸው፤ በ1939 የሩዝቬልት ሜዳሊያን ተቀበሉ። ካረፉ በኋላ በ1943 የተወለዱበት እርሻ ብሔራዊ መታሰቢያ እንዲሆን በሕግ ተወሰነ፤ በአሜሪካ ለጥቁር ሰው የተሰየመ የመጀመሪያው ብሔራዊ መታሰቢያ ነው። በ1948 ምስላቸው በፖስታ ቴምብር ላይ ወጣ፤ በ1951 ደግሞ ከቡከር ዋሽንግተን ጋር በሃምሳ ሳንቲም ላይ ተቀረጸ።

በዚህ ሁሉ መካከል ስለ ሰውየው የሚነገረው ታሪክ እየጠበበ፣ ከእውነቱም እየራቀ ሄደ። የኦቾሎኒ ቅቤን የፈለሰፉት እሳቸው እንደሆኑ ዛሬም ብዙ ሰው ያምናል። ካናዳዊው ማርሴለስ ኤድሰን የተፈጨ ኦቾሎኒን የሚመለከት የፈጠራ መብት ያገኙት በ1884፣ ካርቨር ገና ኮሌጅ ሳይገቡ ነው። ሦስት መቶ ናቸው ከሚባሉት የኦቾሎኒ ውጤቶች ውስጥ ብዙዎቹ በቤት የሚሠሩ ምግቦችና ቀድመው የሚታወቁ ነገሮች ናቸው፤ የአብዛኞቹ አሠራርም በሳይንሳዊ መንገድ ተመዝግቦ አልተገኘም። በስማቸው የተመዘገበው የፈጠራ መብት ሦስት ብቻ ነው፤ ሦስቱም ከ1925 እስከ 1927 ባለው ጊዜ የወጡ፣ መዋቢያና ቀለም የሚመለከቱ ናቸው።

ይህን የምጽፈው ካርቨርን ለማሳነስ ብዬ አይደለም፤ እንዲያውም ክብራቸው ስለሚያሳስበኝ ነው። አንድ ሰው ባልሠራው ሥራ ሲመሰገን፣ አንድ ቀን ተመራማሪ መጥቶ ምስጋናውን ያፈርሰዋል፤ ከፈረሰው ጋር ደግሞ የሠራውም አብሮ ይወድቃል። በካርቨር የደረሰውም ይህ ነው። የኋላ ዘመን ጸሐፊዎች የኬሚስትነታቸውን ዝና ሲመረምሩና ባዶ ሆኖ ሲያገኙት፣ ለጊዜው ሰውየው ራሳቸው ባዶ የሆኑ መሰሉ። ዋሽንግተን ያዩት መምህር፣ በቆሻሻ ጠርሙስ ሳይንስ ያስተማሩት፣ በእሑድ ማታ በፈቃዳቸው ለሚመጡ ተማሪዎች የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል የከፈቱት፣ ለቀድሞ ተማሪዎቻቸው ለዓመታት ደብዳቤ ሲጽፉ የኖሩት ሰው ግን ምንም የሚፈርስ ነገር አልነበራቸውም።

ፈጠራ ለምን ይህን ያህል ተመረጠ ቢባል፣ ለመቁጠር የሚመች መሆኑ አንዱ ምክንያት ይመስለኛል። የተፈለሰፈ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ቁጥሩም በአርዕስተ ዜና ይወጣል። የማስተማር ፍሬ ግን በሌሎች ሰዎች ሕይወት ውስጥ ተበትኖ፣ ዘግይቶ የሚታይ ነው። ካምቤል ለብዙ ዓመታት በኤክስቴንሽን ሥራ የደከመው ድካም በካርቨር ሽልማት መግለጫ ውስጥ በምን ቁጥር ይገባል? ስለዚህ መምህርን ለማክበር የሚፈልግ ተቋም ከጋዜጣ ቅጂ ይልቅ ተማሪዎችን ፈልጎ መጠየቅ አለበት፤ ይህ ሥራ አድካሚ ነው፣ ጊዜም ይወስዳል፣ ሌላ መንገድ ግን አላውቅም።

ሁለቱ ኮሌጆች

አሁን ወደ 1928 ልመለስ። ሲምፕሰን የክብር ዶክትሬቱን ሲሰጥ ካርቨር ዕድሜያቸው ከስልሳ አልፎ ነበር። ዶክትሬት አልነበራቸውም፤ በአዳራሽም በጋዜጣም ሰው «ዶክተር» እያለ መጥራቱን ግን ከጀመረ ቆይቷል። ሰው በልማድ ሲጠራቸው የኖረውን ስም ኮሌጁ በሕግ አጸናው ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ሁለት ነገር አደረገ፤ ሁለቱም ቀላል አይደሉም።

አንደኛው፣ ከእሱ ያልተመረቀን ሰው ተማሪዬ ብሎ መጥራቱ ነው። የተቋማት መዝገብ ተመራቂንና አቋራጭን ይለያል፤ በብዙ ቦታ ለክብር የሚታጨው ከተመራቂዎች ዝርዝር ብቻ ነው። በዚህ መስፈርት ቢሄድ ኖሮ ሲምፕሰን ካርቨርን አያገኛቸውም ነበር፤ በእሱ ዘንድ የቆዩት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ያ አንድ ዓመት ግን በር ተዘግቶበት የተመለሰን ሰው ተማሪ ያደረገ ዓመት ነው። ተቋም ለሰው የሚያደርገው አስተዋጽዖ በሴሚስተር ቁጥር ሁልጊዜ አይለካም፤ እኔ በዚህ ረገድ የሲምፕሰንን ፍርድ አደንቃለሁ።

ሁለተኛው፣ ክብሩ በቁማቸው መድረሱ ነው። በዚያን ጊዜ በአላባማ ካርቨር ከነጮች ጋር በአንድ ሆቴል ማደር፣ በአንድ የባቡር ክፍል መቀመጥ አይችሉም ነበር። በዚያው ዘመን አንድ የነጮች ኮሌጅ በአደባባይ ዶክትሬት ሲሰጣቸው፣ ጥቅሙ ለሰውየው ስሜት ብቻ አልነበረም፤ በተስኪጊ ያሉት ተማሪዎቻቸውም መምህራቸው እንዴት እንደታዩ አይተዋል። ሰውየው ካረፉ በኋላ በ1956 ኮሌጁ የሳይንስ ሕንፃውን በስማቸው ሰየመ፤ መርቀው የከፈቱት የኖቤል ሰላም ተሸላሚው ራልፍ በንች ናቸው።

ኤምስ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሕንፃ ሰይሞላቸዋል፤ የክብር ዶክትሬቱ ግን፣ እንደተባለው፣ እስከ 1994 ቆየ። ይህን ያህል የዘገየው ንቀት ስለነበረ ነው ብዬ አልደመድምም። ፓመልና ካርቨር እስከ ፓመል ዕረፍት ድረስ ሲጻጻፉ ኖረዋል፤ ዊልሰንም እስከ ተስኪጊ ድረስ ሄደዋል። እንደ እኔ ግምት፣ ለተመራቂው ሁለት ዲግሪ የሰጠ ተቋም ድርሻውን የተወጣ ይመስለዋል፤ የሚቀረው ነገር ትዝ የሚለው ሌላው ዓለም ሰውየውን አክብሮ ከጨረሰ በኋላ ነው። ከሞት በኋላ የሚሰጥ ዲግሪ ከንቱ አይደለም፤ የተቋሙን ታሪክ ያስተካክላል፣ አዲሱን ተማሪ የማን ወራሽ እንደሆነ ያስተምራል። ሆኖም ተቀባዩ አይሰማውም። በመድረክ ላይ ቆሞ የሚናገረው ሌላ ሰው ነው፤ ባለ ታሪኩ ሊያርመው፣ ሊጨምርበት፣ «ይህን ያስተማረችኝ እገሊት ናት» ሊል አይችልም። ኤታ በድ በስም የመጠራት ዕድል የነበራቸው ካርቨር በሕይወት እያሉ በሚሰጥ ክብር ብቻ ነበር።

የኤምስ ዩኒቨርሲቲ በኋላ የሠራውን አንድ ነገር ግን ከሕንፃውም ከዲግሪውም አስበልጣለሁ። በግብርና ኮሌጁ በካርቨር ስም የተሰየመ የተለማማጅ ተማሪዎች ፕሮግራም አለ፤ ወጣቶች በክረምት የዕረፍት ጊዜያቸው ከፕሮፌሰሮች ጋር ሆነው የምርምር ሥራ ይሠራሉ። ይህ ፓመል ለካርቨር ያደረጉት ነገር ነው፤ ካርቨርም በተራቸው ለትንሹ ዋላስና ለካምቤል ያደረጉት። መምህር የሚከበረው ሥራው ሲቀጥል ነው ከተባለ፣ ስሙን ተሸክሞ የሚቀጥለውን ሥራ መምረጥ ሕንፃ ከመምረጥ የበለጠ ማሰብን ይጠይቃል። ሕንፃ የሚሰየመው ብዙ ጊዜ በተሠራበት ዓመት ክፍት በሆነው ስም ነው፤ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ግን ሰውየው ምን ይሠሩ እንደነበር ያልተረዳ ሰው ሊያቅደው አይችልም።

ካርቨር ራሳቸውም በዚህ ላይ ግልጽ አቋም ነበራቸው ማለት ይቻላል። አላገቡም፣ ኑሯቸውም ቀላል ስለነበር በአርባ ሰባት ዓመት ውስጥ ካጠራቀሙት ገንዘብ ወደ 60,000 ዶላር የሚሆነውን በ1940 በተቋቋመው የምርምር ፋውንዴሽን በኩል ለተስኪጊ ተተኪ ሳይንቲስቶች ተዉት። በየመድረኩ ሲቀርቡም አሮጌ ኮታቸው ላይ አበባ ሰክተው ነበር።

ጃንዋሪ 5 ቀን 1943 ከደረጃ ወድቀው በደረሰባቸው ጉዳት ሳቢያ አረፉ። በመቃብራቸው ላይ የተጻፈው ቃል፣ ከዝናቸው ላይ ሀብት መጨመር ይችሉ እንደነበር፣ ሁለቱንም ችላ ብለው ግን ለዓለም ጠቃሚ በመሆን ደስታና ክብር ማግኘታቸውን ይናገራል። ኦቾሎኒ አልተጠቀሰበትም። የተቀበሩት በተስኪጊ ግቢ፣ ያንን ደብዳቤ ከጻፉላቸው ከቡከር ዋሽንግተን መቃብር አጠገብ ነው።